የልደታዋ ቀሪ ጠያቂ

ሀረገወይን መጠየቅ አያሳፍራትም ነበር። ልጅ ሳለች እናቷ ጨው ግዢ ብላ ገበያ ስትልካት፣ ነጋዴውን ጨው ከየት እንደሚመጣ፣ ግመሎቹ ስንት ቀን እንደሚጓዙ፣ ግመል ሲተኛ ዓይኑን ይጨፍን እንደሆነ ስትጠይቅ ትውልና ጨዉን ረስታ ትመለሳለች። አድጋ ድንጋይ ጠራቢ አግብታ ልደታ ማርያም አጠገብ ጎጆ ስትወጣም ይኸው ጠባይዋ አብሯት ወጣ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ባልዋ ቤቱ ደርሶ ምሳውን ሲጨርስ እሷ ገና መንገድ ላይ ቆማ የሰው ጤና ትጠይቃለች።

ባልዋ ጠላት ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በተስቦ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። በ1929 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጣልያኖች ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባን ሲያቃጥሉና ሕዝቡን ሲፈጁ፣ የሀረገወይን ጎጆ ከጎረቤቶቿ ጎጆ ጋር ነደደ። እሷ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ ተረፈች። በአራተኛው ቀን ስትመለስ ከቤቷ ያገኘችው የወፍጮ ድንጋይዋንና አፉ የተሸረፈ አንድ እንስራ ብቻ ነው።

ተቀምጣ አላለቀሰችም። ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት ቤት ለቤት እየዞረች፣ ማን እንደተረፈና ማን የት እንደገባ ትጠይቅ ጀመር። አንዱ ቤት የሰማችውን ሌላው ቤት ታደርሳለች። ልጇ ሞቷል ብላ እርሟን ያወጣች እናት፣ ልጁ ሰበታ አክስቱ ዘንድ በሕይወት መኖሩን የሰማችው ከሀረገወይን አፍ ነው። መርዶም ያረዳችበት ቤት ብዙ ነው። ሰዉ በሩቅ ሲያያት ልቡ ይደነግጥ ነበር፤ ግን ሳትመጣ ስትቀርም «ዛሬ ምነው ጠፋች?» ይላል።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ጣልያኖች ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ የአንድ የተሰደዱ መኮንን ቤት የነበረውን ግቢ ይዘው ለአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኃላፊዋ አንዲት ቀጭን ጣልያናዊት ናት፤ ስሟን የሚይዝ ስላልነበረ ሰፈሩ ሁሉ «ሲኞራ» ይላታል። የሷን ቋንቋ የሚያስተረጉመውና ትናንሾቹን የሚያስተምረው ፍሰሐ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው መምህር ነው። በሩን የሚጠብቁት ደግሞ ከሰላሌ የመጡት ሽማግሌ ሚደቅሳ ናቸው።

ሲኞራዋን ያስመረራት የልጆቹ መቅረት ነበር። ስልሳ ልጅ ተመዝግቦ አርባ ይመጣል። የቀረው ልጅ ለምን እንደቀረ በየሳምንቱ ለአለቆቿ መጻፍ አለባት። ፍሰሐ ወላጆቹን ሲጠይቅ «ታሞ ነው» ከማለት በቀር የሚናገር የለም። አንድ ቀን ሚደቅሳ ይህን ሲሰሙ ጣልቃ ገቡ።

«አንዲት ሴት አለች» አሉ። «ማንም ሳይልካት የሰፈሩን ቤት ሁሉ ትዞራለች። እናንተ ደግሞ ልካችሁ አዙሯት።»

እንዲህ ሆኖ ሀረገወይን የቀሪ ጠያቂ ሆነች። ጠዋት ልጆቹ ከተቆጠሩ በኋላ ፍሰሐ የቀሩትን ስም ይነግራታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አሥራ አምስት ስም ይሁን ሃያ፣ አንዴ ከሰማች አይጠፋትም። ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች።

በመጀመሪያው ሳምንት በሮች ተዘጉባት። ትናንት «ግቢ፣ አረፍ በይ» ይላት የነበረ ሰው፣ ዛሬ በመስኮት እያያት በልጁ አፍ «የለም» ያስብላል። የጣልያን ጆሮ ሆነች የሚል ወሬ ቀድሟት እየዞረ ነበር። ወሬ እሷን ሲቀድማት የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ቀን ስታስብበት ቆየችና በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆማ አንድ ነገር ትል ጀመር፤

«እውነቱን ለኔ ንገሩኝ። ለሲኞራዋ ደግሞ ምን ልበላት?»

ይህን ስትል በሩ ይከፈታል። ደገፋ የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ የቀረው ጫካ ለገባው ወንድሙ ስንቅ ይዞ ሄዶ ነው። እናቱ ይህን በጆሮዋ ነገረቻትና፣ ለሲኞራዋ እከክ ይባል ብለው ተስማሙ። እከክ ለሌሎችም ተመቸ። በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ልጅ እከክ ወጣበት። ሲኞራዋም ለአለቆቿ ጻፈች፤ አለቆቿ ሐኪም ላኩ፤ ሐኪሙም ስልሳውንም ልጆች አሰልፎ የሚገማ ቢጫ ቅባት ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ቀባቸው። ልጆቹ ለሦስት ቀን ዝንብ እንኳ የማይጠጋቸው ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሀረገወይን በሽታ ስትመርጥ ተጠነቀቀች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆች ግቢው ውስጥ እንዲሰበሰቡ ታዝዞ ነበር። ፍሰሐ መጀመሪያ የጣልያኖቹን መንግሥት ጋዜጣ ያነባል፤ ሰዉም የሌላ ሰው ቀብር ላይ እንደቆመ መሬት መሬት ያያል። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ወሬ ይነገራል፤ ይህ የሀረገወይን ፋንታ ነው። ማን ሻል እንዳለው፣ የማን እናት እንደተገላገለች፣ የማን ሰሌዳ እንደጠፋና ማን እንዳገኘው እንደ ሰልፍ ደርድራ ትናገራለች። ሲኞራዋ ስለ ልጆቹ ጤና የሚወራ ይመስላትና ራሷን ትነቀንቃለች። ሰዉ ግን «ሰሌዳው ሆለታ ተገኘ» ሲባል፣ ታስሮ የነበረው የእገሌ ልጅ ሆለታ መታየቱን ያውቃል።

በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቀሪዎቹ ስም ውስጥ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣ ጀመር። ሀሚዳ። ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የተቀመጡት የነጋዴው የበከርና የዙሃራ ልጅ ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዝምተኛ፣ ግን ዓይኗ የማያርፍ ልጅ። ሀረገወይን ወደ ቤቷ ስትሄድ ዙሃራን በረንዳ ላይ በርበሬ ስትለቅም አገኘቻት።

«ሀሚዳ ደኅና ናት?» አለች።

«አልሐምዱሊላሂ። ትምህርት ቤት ናት እንጂ፤ እዚያው አልተያያችሁም? ጠዋት ሰሌዳዋን ይዛ ወጣች።»

ሀረገወይን የሰማችውን ሳትናገር የዋለችው ያን ቀን ነው። «እንዲያው በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው» ብላ ተመለሰች። ልጅቱ ዘጠኝ ቀን ቀርታለች፤ እናቷ አታውቅም። ብትናገር በከር ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣታል። ከዚህም በላይ ሀረገወይን ነገሩን ራሷ ሳታውቀው ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለገችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዲት ልጅ ሰሌዳ ይዛ የት ትውላለች?

በማግስቱ በጠዋት ከበከር ቤት ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ቆመች። ሀሚዳ ወጣች። ልደታ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ወደ ትምህርት ቤቱ አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ሄደች። ሀረገወይን ከሩቅ እየተከተለች፣ ሰላምታ የሚሰጧትን ሰዎች በእጅ ሰላምታ ብቻ እያለፈች ሄደች፤ ሳትቆም ይህን ያህል መንገድ ሄዳ አታውቅም።

ልጅቱ የደረሰችው ለጣልያን ልጆች የተሠራው ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። እዚያ የአገሬው ሰው በር ላይ እንኳ መቆም አይፈቀድለትም። ከጀርባው ግን ቦይ አለ፤ ለጣልያኖች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እዚያ እየዋሉ አጥሩ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ሀሚዳ በሴቶቹ መሐል አልፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አገጯን ቀና አድርጋ በተሰጡት አንሶላዎች መሐል ወደ አንድ ሰፊ መስኮት ማየት ጀመረች።

ሀረገወይን አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። «ሀሚዳ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ልጅቱ ትንሽ ደነገጠች፤ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም። «እትዬ፣ ያን ኳስ ያዩታል? ሰማያዊውን። መምህሩ በእንጨት እየነካ ያዞረዋል፤ ልጆቹ ስም ይጠራሉ። አባቴ እዚህ ለአንዲት ሴትዮ ሳሙና አድርሺ ብሎ ሲልከኝ ነው ያየሁት። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።»

ሀረገወይን ዓይኗን አጥብባ አየች። መስኮቱ ውስጥ በእርግጥም ሰማያዊ ኳስ እግር ባለው እንጨት ላይ ቆሟል።

«ኳስ ከሆነ ለምን አይመቱትም?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

እስከ እኩለ ቀን ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ቀሩ። ሀሚዳ ሰሌዳዋን አሳየቻት፤ ኳሱ ላይ ያየቻቸውን ቅርጾች በየቀኑ ስትጭር ቆይታለች። አንዱ የፈረስ ራስ ይመስላል፣ አንዱ የተንጠለጠለ ሥጋ፣ አንዱ ጫማ። ሀረገወይን ስትነሳ፣ «ነገ ትምህርት ቤትሽ ነይ። ምን እንደሆነ እኔ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አለቻት። ለሲኞራዋ ልጅቱን ጆሮዋን አሟት ነበር ተባለ።

ፍሰሐን ብቻውን ያገኘችው ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። ነገሩን ስትነግረው ቆሞ ከሰማት በኋላ በሩን መለስ አደረገው።

«ሉል ይባላል» አላት። «ምድር ናት። መላዋ ምድር።»

«ሰማያዊውስ?»

«ባሕር ነው።»

«ያ ሁሉ?»

«አዎ፣ ያ ሁሉ።»

«እኛስ የትኛው ላይ ነን?»

ፍሰሐ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ቀድሞ በተማረበት ትምህርት ቤት ሉል እንደነበረ፣ በየካቲት የተማረ ሰው ሲታደን መጻሕፍቱን ሁሉ በገዛ እጁ ማቃጠሉን፣ ካርታም አብሮ መቃጠሉን ነገራት። አሁን እዚህ እንዲያስተምር የታዘዘው ሰላምታ፣ ንጽሕና፣ ጥቂት ቁጥርና የጣልያን መዝሙር ነው። ካርታ ለአገሬው ልጅ አያስፈልግም ተብሏል።

«ቅል ባመጣልዎትስ?» አለች ሀረገወይን።

«ምን?»

«ክብ ቅል። ትልቅ። ሊስሉበት ይችላሉ?»

ሦስት ቀን እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሀረገወይን ከተከራየቻት ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ «ቅሉ የታለ?» አለ።

እዚያው ክፍሏ ውስጥ ከሳምንት በላይ ፈጀባቸው። ፍሰሐ የረሳው አገር ብዙ ነበር፤ የረሳውን ከሀሚዳ ሰሌዳ ላይ ያገኘዋል። የፈረስ ራስ የመሰላት አፍሪካ ሆነች፤ የተንጠለጠለው ሥጋ ደቡብ አሜሪካ። ለባሕሩ የሚሆን ቀለም ጠፍቶ፣ ሀሚዳ ነጭ ልብስ ሲታጠብ ውኃ ውስጥ የሚነሰነሰውን ሰማያዊ ዱቄት ከአባቷ ሱቅ አመጣች። አባቷ በከር ዱቄቱ መጉደሉን ሲያይ ልጁን ተከትሎ መጣ። ሦስቱም ቅሉን ከበው ሳለ በሩ ላይ ደረሰ።

«ዱቄቴን ምን አደረጋችሁት?» አለ።

በከር ጠጋ ብሎ አየ። ፍሰሐ ምን እንደሆነ ሲያስረዳው ቁጣው እየቀዘቀዘ ሄደ፤ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መካ የት ነው?» አለ። ፍሰሐ ከቀጭኗ ባሕር ማዶ ነጥብ አሳየው። በከር ጣቱን አንዴ ኢትዮጵያ ላይ፣ አንዴ ነጥቧ ላይ አደረገ።

«ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» አለና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ስለ ዱቄቱ ዳግመኛ አላነሳም። የልጁን ዘጠኝ ቀን ነገር ግን ሀረገወይን ያን ዕለት ነገረችው፤ እሱም ሀሚዳን ለረጅም ጊዜ አያት እንጂ አልመታትም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የኔ አገር የት ነው? አንዲት አሮጊት ኢየሩሳሌምን አይተው ቅሉን ተሳለሙት። ሚደቅሳ ሰላሌን ሲጠይቁ፣ ፍሰሐ ሰላሌና ልደታ አንድ ነጥብ ላይ መሆናቸውን ነገራቸው። ሽማግሌው ተቀየሙ።

«በእግሬ ሁለት ቀን የተጓዝኩትን አንተ አንድ ነጥብ ትለዋለህ?» አሉት። «ይኸ ቅል መንገድ ሄዶ አያውቅም።»

አንድ ቀን ደግሞ የደገፋ አባት፣ «የነሱስ?» አለ። የማንን እንደጠየቀ መናገር አላስፈለገውም። ፍሰሐ ጫማ የምትመስለውን አሳየ።

«ይቺ ናት?» አለ ሰውየው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ተንጠራርቶ አየ። ቀጥሎ አንዱ ሳቀ።

በማግስቱ ሀረገወይን ቀሪ ልትጠይቅ ስትዞር፣ ይህን ነገር ሦስት ቤት ነገረች። ሦስቱ ቤት ሠላሳ ሆነ። በሳምንቱ መጨረሻ ጠጅ ቤት ሳይቀር «አገራቸው ከአውራ ጣት ታንሳለች» ይባል ነበር። ሀረገወይን ይህን ከማታውቀው ሰው አፍ መንገድ ላይ ስትሰማ ባለችበት ቆመች። ወሬው የሷ ነው። ፍሰሐ ቢታሰር የምታሳስረው እሷ ናት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማንም ቤት ሳትገባ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና ቅሉን በነጠላ ሸፍና ከፊቱ ተቀመጠች።

ሰኞ ሲኞራዋ ራሷ መጣች። ፍሰሐ ከኋላዋ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ነጠላውን ገለጠች፣ ቅሉንም ብርሃን ወዳለበት አዞረችው።

«ማን ነው የሠራው ትላለች» አለ ፍሰሐ።

«እኔ» አለች ሀረገወይን።

ሲኞራዋ የፍሰሐን ጣቶች አየች። የጥፍሮቹ ዙሪያ ሰማያዊ ነበር። ወደ ቅሉ ተመልሳ ጫማ መሳይዋን አገር በጣቷ ተከትላ ወረደች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ጣቷ አንድ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። ከኪሷ እርሳስ አወጣችና ከጫማ መሳይዋ አገር ጫፍ ፊት ለፊት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሳለች።

«ሲቺልያ» አለች።

ፍሰሐ አስተረጎመላት። «የተወለድኩባት ደሴት ናት፣ ረስታችኋታል ነው የምትለው።»

ሀረገወይንን ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ግን አፏ ቀደማት። «እናትዋ እዚያ አሉ?»

ፍሰሐ ሊያስተረጉመው አመነታ፤ ከዚያ አስተረጎመው። ሴትዮዋ ሀረገወይንን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታያት አየቻትና አጭር መልስ ሰጠች።

«አሉ ትላለች። ሦስት ዓመት አላየኋቸውም።»

ቀጥሎ ሲኞራዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ድምፅዋም ቅዳሜ ስብሰባ ላይ የሚሰማው ድምፅ ሆነ። ወሬው ከሷ በላይ ወዳሉት አለቆች ደርሷል አለች። ቅሉን ትወስዳለች። ሀረገወይን ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዳትደርስ። መምህሩ ስለዚህ ነገር አያውቅም፤ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል። ቅሉን ብብቷ ውስጥ ይዛ ወጣች። አቃጥላው ይሁን አስቀምጣው የሚያውቅ የለም። ሚደቅሳ መኝታ ቤቷ መስኮት ላይ አየሁት ይላሉ፤ ሀረገወይን ደጋግማ ስትጠይቃቸው ግን አንዴ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ አንዴ ተገልጧል ይሏታል።

ሥራዋን ካጣች በኋላ ጥጥ እየፈተለች ኖረች። ስትፈትልም ሰው ቤት ሄዳ ነው፤ ብቻዋን መፈተል አይሆንላትም። ሀሚዳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየመጣች የዋለችውን ትነግራታለች። በ1933 ዓ.ም. ጣልያኖች ከተማውን ለቀቁ፤ ሲኞራዋም ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ተወሰደች። ትምህርት ቤቱ ጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት ፍሰሐ ኃላፊ ሆነ፣ ሀረገወይንንም በቀድሞ ሥራዋ ላይ መለሳት። አሁን ለሲኞራዋ ምን እንበል የሚባል ነገር ስለሌለ፣ አንዳንዱ ወላጅ እውነቱን መናገር ተቸገረ።

የበከር ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደሴ ተመለሰ። ከሄዱ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ አንድ ነጋዴ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ፍሰሐ ቢሮው ውስጥ አነበበላት። ሀሚዳ ደሴ ውስጥ ለትናንሽ ሴቶች ልጆች ፊደል ማስቆጠር ጀምራለች። እናትና አባቷ ደኅና ናቸው። ከዚያ በታች ሙሉ ገጽ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሚደቅሳ እንዴት ናቸው? ደገፋ ስንተኛ ክፍል ደረሰ? እትዬ ጉልበትዎን ያምዎታል ወይ?

«መልሱን ይጻፉልኝ» አለች ሀረገወይን፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች። «የሚደቅሳ የፊት ጥርሳቸው ወልቋል ይበሉ፤ ግን ቆሎ አልተዉም። ደገፋ አራተኛ ክፍል ነው፤ ወንድሙም ከጫካ ወጥቶ ሚስት አገባ፤ ሚስቱ የጉለሌ ልጅ ናት፣ እናቷ ትንሽ ኃይለኛ ናቸው። የእኔ ጉልበት ደኅና ነው። አይ፣ ዳገት ላይ ያመኛል ይበሉ፤ ልጅቱን ምን አስዋሸኝ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ተመታ፤ ዝናብ ሲዘንብ መምህሩም ልጆቹም አይሰማሙም። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ስሙን ገና አልሰማሁም፣ ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ፍሰሐ ብዕሩን አስቀምጦ ጣቶቹን አፍታታ። «እትዬ ሀረገወይን፣ ወረቀቱ ሞላ።»

«ይገልብጡት» አለች። «ገና ከልደታ አልወጣንም።»